ትራሱ ይንኮሻኮሻል፣ እኔ እነቃለሁ፤ የትኛውን የትራስ የውስጥ ሽፋን ልግዛ?

እንቅልፍ_አጥ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛልና ዘርዘር አድርጌ ስጽፍ ታገሱኝ።

ከሁለት ወር በፊት የአንገቴ ሕመም ሲብስብኝ አሮጌ ትራሶቻችንን ጥዬ ሁለት ሜሞሪ ፎም (ሲተኙበት የራስን ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ) ትራስ ገዛሁ። አሮጌዎቹን ከመጣሌ በፊት ልብሳቸውን አውልቄ አየኋቸው፤ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። የባለቤቴ ትራስ ላይ ዳር ዳሩ ቡኒ፣ መሐሉ ቢጫ የሆነ ካርታ ተስሏል። ባለቤቴ ሌሊት ያልበዋል፣ ለሃጩም ይዝረበረባል (ይህን እንደጻፍኩ እንዳትነግሩት)። የእኔ ካርታ አነስ ቢልም ሽታው አይጣል ነበር። የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ነው የማጥበው፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉድ ከየት መጣ ብዬ ደነገጥኩ።

በዚያ ላይ እኔ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ሰባት ስምንት ጊዜ በተከታታይ አስነጥሳለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ክንዴ ላይ ጠብታ ጠብታ እያደረጉ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው መረመሩኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ ጠብታ ያረፈችበት ቦታ ቀልታ አበጠች። "የቤት አቧራ ተባይ ነው፤ ትራስሽንና ፍራሽሽን ሸፍኚ" ተባልኩ። በቃ። በምን እንደምሸፍን የነገረኝ የለም።

እኔም ወጥቼ "ውኃ አያስገባም" የሚል የተጻፈባቸው ሁለት ባለ ዚፕ ሽፋኖች ገዛሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር ጆሮዬ ሥር ሰው ፌስታል የሚያጣጥፍ ይመስል ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ አውልቄ ወረወርኩት። ባለቤቴ ደግሞ አንገቱን እየጠረገ "ትራሴን የዝናብ ልብስ አለበስሽው እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ሌላ ገዛሁ፤ ከላይ ፎጣ የሚመስል፣ ከጀርባው ስስ የፕላስቲክ ነገር የተለጠፈበት። ከዚህኛው ጋር ተስማማን። ጣጣው የመጣው ሳጥበው ነው። ነጭ ስለሆነ በፈላ ውኃ ዘፈዘፍኩት። በረኪና ጨመርኩ። እንዲለሰልስ ብዬ ማለስለሻም አከልኩበት። ሲደርቅ ተጨማዶ ሳገኘው ካውያ አሳረፍኩበት። ካውያዬ ሥር የሆነ ነገር ተጣበቀ፤ ስገለብጠው ያ ስሱ ነገር እንደ ፀሐይ የላጠው ቆዳ ተነስቷል።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የማይንኮሻኮሸውና የማያሞቀው? ተባዩንስ የትኛው ነው በእውነት የሚያቆመው? እንዴትስ ነው የሚታጠበው?

ነጭ_በነጭ፦

እህቴ፣ እኔ ለ19 ዓመት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ፈላ ውኃ፣ በረኪና፣ ማለስለሻ፣ ካውያ! አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ከአራቱ አንዱን ያጠፉ ነበር፤ አራቱንም በአንድ ቀን የሠራ ሰው ግን ያንቺን ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

ስሙን እንለይ። ትራስ ልብስ የምንለው ከላይ የሚለብሰው፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነው ነው፤ እሱ ለፊትሽ ነው። ከሱ ሥር የሚገባው፣ ትራሱን ዙሪያውን ይዞ በዚፕ የሚዘጋው የውስጥ ሽፋን ግን ለትራሱ ነው። ላብ፣ ለሃጭና የፀጉር ቅባት ተራ ጨርቅን ባንድ ሌሊት ያልፋሉ። አንቺ ልብሱን በሳምንት ታጥቢያለሽ፤ ያለፈው ግን አልፎ ትራሱ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ካርታው የተሳለው በዚህ መንገድ ነው። ሜሞሪ ፎም ደግሞ አይታጠብም፤ ውኃ ከጠጣ ውስጡ እስኪደርቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ሲታሽና ሲጨመቅም ይቀደዳል። የገባበት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ትራስ ሽፋኑ የግድ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። የምትከላከዪው ከምንድን ነው? ከላብና ከለሃጭ ከሆነ ፈሳሽ የሚይዝ ነገር ትፈልጊያለሽ። ከተባይ ከሆነ ወሳኙ የጨርቁ ሽመና ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ነው ፌስታል ላይ የሚተኛው። አንቺ ቤት ሁለቱም አሉ፤ ግን በሁለት የተለያዩ ራሶች ላይ! ለሁለታችሁ አንድ ዓይነት ግዙ ያላችሁ ማን ነው?

ለባለቤትሽ ያ ሁለተኛው፣ በካውያ የገደልሽው፣ ትክክለኛው ነበር። ከላይ ጥጥ፣ ከጀርባ ፖሊዩሬቴን የሚባል ስስ ሽፋን ያለው። ፖሊዩሬቴን የውኃ ጠብታ አያሳልፍም፤ የላብን እንፋሎት ግን በመጠኑ ያሳልፋል። የመጀመሪያው፣ የሚንኮሻኮሸው፣ እንደ አነጋገርሽ ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። እሱ እንፋሎቱንም አፍኖ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ባለቤትሽ በላብ የነቃው።

ላንቺ ግን ፕላስቲክ አያስፈልግሽም። ደስት ማይት የሚሉት ይህ ተባይ ርዝመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አይነክስም፣ ደም አይመጥም። የሚበላው ከገላችን የሚረግፈውን የቆዳ ብናኝ ነው። የሚያስነጥስሽ በዋናነት ኩሱ ነው፤ አንዱ ፍሬ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይሆናል። ለማነጻጸር የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ የጨርቁ ቀዳዳ ከ10 ማይክሮን በታች ከሆነ ኩሱም ተባዩም አይወጡም። ቤት ውስጥ ድመት ካለችና እሷም የምታስነጥስሽ ከሆነ ወደ 6 ማይክሮን ውረጂ፤ የድመት አለርጂ ብናኝ የበለጠ ይደቃል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሽመና በጥጥም ይሠራል፣ በደቃቅ የፖሊስተር ክርም ይሠራል፤ ሁለቱም አይጮሁም።

አንድ ነገር ልብ በይ። በእውነት ጠብቆ የሸመነ አምራች የቀዳዳውን ልክ በማይክሮን ይጽፋል። "ፀረ አለርጂ" ብሎ ብቻ ካለፈ ምንም አልነገረሽም። ኦኤኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 የሚል ምልክት ካየሽ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ጨርቁ ውስጥ ጎጂ ኬሚካል አለመኖሩን ይመረምራል እንጂ ስለ ተባይ አያወራም። የክር ብዛት 800፣ 1000 እያሉ የሚጽፉትንም አትመኚው፤ አንዱን የተገመደ ክር እንደ ሁለትና ሦስት ቆጥረው ቁጥሩን የሚያሳብጡ አሉ።

መሸጫው ቦታ ላይ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጨርቁን ከንፈሬ ላይ ገጥሜ እነፋለሁ። ትንፋሼ እንደ ልቡ ካለፈ ሽመናው ላላ ነው። እየታገለ ካለፈ ደስ ይለኛል። ጨርሶ ካላለፈ ጀርባው ላይ ፕላስቲክ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ጆሮዬ ሥር አድርጌ እጨመድደዋለሁ። እዚያ የሚጮህ፣ አልጋ ላይ የባሰ ይጮሃል። ሻጩ እንደ እብድ ያየኛል፤ ይየኝ።

ዚፑን ዘግተሽ ጫፉን ተመልከቺ። ብዙዎቹ መጨረሻው ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ክፍተት ይተዋሉ። ግድግዳውን ሠርቶ በሩን ከፍቶ መተው ነው። ዚፑን ከላይ የሚከድን ጨርቅ ያለውን ምረጪ።

ልክ፦ የትራሱን ርዝመትና ስፋት ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ለኪ፤ ፎም ትራስ ወፍራም ነው። የጠበበ ሽፋን ትራሱን አፍኖ ያደድረዋል፣ የሰፋ ደግሞ ጉንጭሽ ሥር ይታጠፋል። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥጥ 5 በመቶ ቢሰበሰብ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሄደ ማለት ነው፤ ይህን አስቀድመሽ አስቢ።

እጥበቱን ማታ እመለስበታለሁ።

ደራቢው፦

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ለትራስ ነው? እኔ ሁለት ትራስ ልብስ ደርቤ፣ የውስጡን አፍ ወደ ግራ የላዩን ወደ ቀኝ አድርጌ ስተኛ ዓመታት አለፉ። ማይክሮን አልለካሁም፣ የሽያጭ ሠራተኛ ፊትም ጨርቅ አልነፋሁም። አላስነጠስኩም።

የመንታ_እናት፦

ወንድሜ ደራቢው፣ አለርጂ ከሌለህ ለአንተ ይበቃሃል፤ ትራሱን ከእድፍ በመጠኑ ያድንልሃል። ለእህታችን ግን ተራ ጨርቅ ሁለትም ሆነ ሦስት ቢደረብ ያው ወንፊት ላይ ወንፊት ነው።

እኔ የማወራው ከልጄ ተነስቼ ነው። ከመንትዮቼ አንዱ አስም አለበት፤ ሌላው ከነአካቴው ጉንፋን እንኳ አይዘውም። በአንድ ክፍል ነው የሚተኙት። የአስሙን ልጅ ትራስ ብቻ ሸፍኜ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። ተናድጄ ሽፋኑን ላወልቀው ስል ሐኪሙ "ትራሱ ላይ ብቻ ዘግተሽ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ክፍት ትተሽ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እውነቱን ለመናገር ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ነገር አይሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ 1,122 አስም ያለባቸው አዋቂዎች የተሳተፉበት ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ሽፋን ብቻውን ለአዋቂዎቹ ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳልሰጠ አገኘ። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚያው እንግሊዝ በአስም ምክንያት ሆስፒታል ገብተው የነበሩ፣ ለተባዩ አለርጂ ያለባቸው 284 ልጆች ላይ ተደርጎ ፍራሹም፣ ትራሱም፣ ብርድ ልብሱም ሲሸፈን በዓመት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የደረሱት ከመቶ 29 ገደማ ነበሩ፤ የማስመሰያ ሽፋን የተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 41 በላይ። እኔ እናት ነኝ፤ ለእኔ ይህ ልዩነት ልዩነት ነው። ግን ሽፋን ገዛሁ ብዬ የልጁን መድኃኒት አልተውኩም፤ ማንም እንዳይተው።

ስለዚህ እህቴ፣ ፍራሽሽንም ሸፍኚ። አንሶላና ትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀዘቀዘ ውኃ ተባዩ ይታጠባል እንጂ ሁሉም አይሞትም። በ60 የማይታጠብ ነገር ካለ (የልጄ የጨርቅ ዝሆን አለ፣ ያለሱ አይተኛም) በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ቅዝቃዜው ተባዩን ይገድላል፤ ኩሱ ግን እዚያው ስላለ ከዚያ በኋላም አጥበዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ዝሆኑ ፍሪዘር ሲገባ የተለቀሰውን ልቅሶ አልነግራችሁም።

ሌላው እርጥበት ነው። ተባዩ ውኃ አይጠጣም፣ ከአየር ነው የሚስበው። የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ይዳከማል። ጠዋት ተነስታችሁ ወዲያው አልጋ አታንጥፉ፤ ገልጣችሁ መስኮት ክፈቱና ይናፈስ። እኔ ለስንፍናዬ ያገኘሁት ምርጥ ምክንያት ነው።

ሕፃን ላላችሁ ደግሞ፦ ዓመት ላልሞላው ልጅ ሽፋኑም ትራሱም አያስፈልግም። ልል ነገር አልጋው ውስጥ አይግባ።

ነጭ_በነጭ፦

የመንትዮቹ እናት ያለችው ልክ ነው፤ እኔ ፍራሹን ዘንግቼው።

እንግዲህ እጥበት። ባለ ፖሊዩሬቴኑን ከስፌቱ ላይ ያለው መመሪያ ከሚፈቅደው ዲግሪ በላይ አትውጪ። በረኪና ፖሊዩሬቴኑን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይሰነጥቀዋል። ማለስለሻ ደግሞ ጨርቁ ላይ እንደ ሰም ይለጠፍና ላብ መምጠጡን ያስረሳዋል። ለስላሳ ነው ትያለሽ፤ ግን ፎጣው ፎጣ መሆኑን ትቷል። ካውያውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባለ ጥብቅ ሽመናው ፕላስቲክ ስለሌለበት ይችላል፤ መመሪያው ከፈቀደ በ60 እጠቢው። ካውያ ግን ለእሱም አታባክኚ፤ ከሥር ለሚለበስ ነገር ማን ሊያየው ነው?

ቢጫ እድፍ ከያዘ ኦክስጅን ያለው ማንጫ፣ ማለትም ሶዲየም ፐርካርቦኔት፣ በሞቀ ውኃ በጥብጠሽ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፊውና እጠቢ። አምራቹ ከከለከለ ግን ይቅር። በተረፈ በረኪናና ኮምጣጤን አንድ ላይ እንዳታገናኚ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ይህን በምክር አላወቅሁትም፤ አንድ ቀን ሁላችንም እያሳለን ከክፍሉ ወጥተናል።

ውኃ የማያስገባ ነገር ማሽን ውስጥ ስትከቺ ለጭመቃው ተጠንቀቂ። አንዴ አንድ ልጅ ስምንት ሽፋኖችን ዚፓቸውን ዘግቶ ብቻቸውን ከተታቸው። ሽፋኑ ውኃውን እንደ ፊኛ ቋጠረ፤ ማሽኑ በፍጥነት ሲሽከረከር ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሄደና ያ ትልቅ ብረት እየዘለለ ከግድግዳው ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የኛ ሕግ እንዲህ ሆነ፦ ሽፋኑን ገልብጥ፣ ዚፑን አጋምሰህ ተወው፣ ከፎጣ ጋር ቀላቅል፣ በዝቅተኛ ጭመቃ አውጣ። መመሪያው ጨርሶ አይጨመቅ ካለ አይጨመቅም። ሌሎች ዚፑ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ይላሉ፣ ጥርሱ ሌላ ልብስ እንዳይዝ። ፕላስቲክ ለሌለበት ሽፋን እስማማለሁ።

በእጅ የምታጥቢ ከሆነ አትጠምዝዢው። በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ጫን ጫን በይው። አድርቀሽ፣ ደግሞ ነካክተሽ፣ ስፌቱና ዚፑ ሥር እርጥበት እንደሌለ አይተሽ ነው የምታለብሺው። እርጥቡን ዚፕ ዘግተሽ ካለበስሽው ሻጋታ ነው የምታረቢው።

በየስንት ጊዜው? እንደ ባለቤትሽ ለሚያልበው በወር አንዴ፣ ላንቺ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይበቃል፤ ላዩ በሳምንቱ ከታጠበ። ለእያንዳንዱ ትራስ ሁለት ሁለት ሽፋን ይኑርሽ፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል። "ዛሬ ያለ ሽፋን ልተኛ" የምትይዋ ሌሊት ናት ካርታ የምትስለው።

እንቅልፍ_አጥ፦

ጋሼ፣ ማሽን የለኝም፣ በእጄ ነው የማጥበው፤ ፎጣው ላይ መጫን ያሉት ስለዚህ ለእኔ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሽፋን ሳይኖረው የተኛንባቸው ሳምንታት ነበሩና አዲሱ የባለቤቴ ትራስ ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቢጫ ጀምራለች። ፎሙን ሳላጥብ ምን ላድርጋት?

ነጭ_በነጭ፦

ጨርቅ በለብታ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አርጥበሽ፣ አጥብቀሽ ጨምቀሽ፣ ላዩን ብቻ ንኪው እንጂ አትፈትጊው። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ድገሚ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አቁመሽ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ ፀሐይ ላይ አይሆንም፣ ፎም በፀሐይ ይጠወልጋል። ቢጫዋ ሙሉ በሙሉ ላትለቅ ትችላለች። ሽታ ከሌላት ተያት፣ ሸፍኛትና እርሺያት።

እንቅልፍ_አጥ፦

ሰባት ሳምንት ሆነኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለባለቤቴ ፖሊዩሬቴን ያለውን፣ ለራሴ ጥብቅ የፖሊስተር ሽመና ገዛሁ፤ ማሸጊያው ላይ ማይክሮኑ ተጽፎበት ነበር። አዎ፣ መሸጫው ውስጥ ነፋሁት። ሻጯ "እመቤት፣ ፊኛ አይደለም" አለችኝ። ፍራሹንም ሸፈንኩ።

የእኔ ማስነጠስ ከስምንት ወደ ሁለት ሦስት ወርዷል። ትራሱ ይሁን ፍራሹ ወይስ መስኮቱ፣ የትኛው እንደሠራ አላውቅም፤ ሁሉንም ባንዴ ስለጀመርኩ። የባለቤቴን ሽፋን በወሩ ሳወልቅ ካርታው ሽፋኑ ላይ አለ፣ ከሥሩ ያለው ፎም ግን አዲስ ቢጫ የለበትም። ያቺን አሮጌዋን በየጊዜው እየገለጥኩ አያታለሁ፣ አልሰፋችም።

ስህተትም አለ። መለዋወጫ ብዬ የገዛሁትን የጥጥ ሽፋን በትራሴ ልክ ነበር የገዛሁት፤ ጋሼ የነገሩኝን ረስቼ። አንዴ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ሲመለስ ትራሱ ገብቶ ዚፑ አልዘጋ አለ። አሁን የሶፋው ትንሽ ትራስ ለብሶታል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ባለቤቴ ትናንት ጉንጩ ላይ ቀጭን ጭረት ይዞ ተነሳ፣ "ትራስሽ ቧጨረኝ" አለ። የዚፑ መጎተቻ ነው።

ነጭ_በነጭ፦

ዚፑን ከእሱ ፊት በተቃራኒ፣ ወደ አልጋው ዳር አዙሪው። መጎተቻውን መጨረሻው ላይ ካለችው የጨርቅ ኪስ ውስጥ ክተቺው፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ ሰው አያያትም እንጂ። የላዩን ልብስ ደግሞ አፉን በሌላው በኩል አልብሺው።

እንቅልፍ_አጥ፦

ኪሷን አገኘኋት! ሰባት ሳምንት ሙሉ እዚያው ነበረች። ዞሯል፣ ተከቷል። ሰውየው ተኝቷል፣ ትራሱም ዝም ብሏል። ደህና እደሩ።